የባቡር መጽሐፍ ቤታችሁ ያለ ልጆች

ሰላም ናችሁ የድሬ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ባለፈው ከዚራ ሰፈር ጡረታ የወጡ አንድ የባቡር ሠራተኛ ቤት ሄጄ እኚሁ አባባ የሰጡኝን ስለ ባቡራችን የተጻፈ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ እስካሁን አገላብጬ አልጠገብኩም፣ ሽፋኑን ምስጥ በልቶታል ግን ውስጡ ተጣጥፎ የተለጠፈው ካርታ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር ጣቢያ በጣቢያ ያሳያል፣ መሀሉ ላይ ደሞ የሦስተኛ ማዕረግ ቲኬት ተሸጉጦ አገኘሁ፣ አቦ እንባዬ ነው የመጣው!

ባቡሩ እኛ ጋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ ወደ ሐረር መውጣት ተራራው ስለከበደ እኮ ነው ድሬ የተቆረቆረችው። በዛው ሰሞን በ1901 ሎስ አንጀለስ ላይ ፓሲፊክ ኤሌክትሪክ ተቋቁሞ ከተማውን ከዳር ዳር መንደሮቹ ጋ በኤሌክትሪክ ትራም ማገናኘት ጀመረ፣ የመጨረሻው መስመር በ1961 ቆመ። ስለሱ የተጻፈው መጽሐፍ ብዛቱ ያስቀናል፣ ፉርጎዎቹ ሳይቀሩ ፎቶ በፎቶ ተሰንደዋል። የኛው በየቁም ሳጥኑ እየተበላ ነው።

እና የአባት ይሁን የአያት መጽሐፍ፣ የድሮ የጉዞ ሰዓት ሰሌዳም ቢሆን፣ ለሎዝ መጠቅለያ ሳይሄድ አሳዩኝ። መስጠት ካልፈለጋችሁ እዛው ቤታችሁ መጥቼ ፎቶ አንስቼ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ከአስር ሰዓት በኋላ ለገሃር ፊት ለፊት ነኝ።