ፍሮንት ሲያልፍ ሰዓቱን ጻፉልን

ውድ የጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የአየር ሁኔታ ዓምዳችሁን ሁሌም አነባለሁ፣ የዚህ ሰሞኑ ላይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የሰመሩ (የሞቃቱ ወቅት) መጀመሪያ በአካባቢው ከመደበኛው ሞቅ ያለ እንደሚሆን ጻፋችሁ፣ ወዲያው ኮልድ ፍሮንት (ቀዝቃዛ አየር ሞቃቱን እየገፋ የሚመጣበት ድንበር) መጣና ሰው ሹራብ ፍለጋ ገባ፣ ከዛ ሁሉም ትንበያው ውሸት ነው ማለት ጀመረ። ውሸት አልነበረም እኮ። የአንድ ወቅት ትንበያ የሚናገረው ስለ ሳምንታት አማካይ ነው፣ መደበኛ የሚባለውም የ30 ዓመት አማካይ ነው (አሁን የሚሰራበት በፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው)፣ ስለዚህ በአማካይ ሞቃት በሆነ ወር ውስጥ ሁለት ሶስት ፍሮንት አልፎ ሙቀቱን በ10 ዲግሪ ቢያወርደው ምንም የሚጋጭ ነገር የለም። ይህቺን አንድ መስመር ብትጨምሩ ኖሮ አንባቢ አይደናገርም ነበር።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የየቀኑ ትንበያ ነው። "ከፍተኛ 29፣ ዝቅተኛ 13" ተብሎ ሲጻፍ ማንም ሰው የሚረዳው ንጋት ላይ 13 ሆኖ ከሰዓት 29 እንደሚደርስ ነው፣ በአዘቦት ቀን ልክ ነው፣ ፍሮንት በሚያልፍበት ቀን ግን 29ኙ እኩለ ቀን ላይ ሆኖ ማታ 12 ሰዓት ላይ 17 ልንገባ እንችላለን፣ ፍሮንቱ በጠዋት ካለፈ ደግሞ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ገና ሰው ከቤት ሳይወጣ ተመዝግቦ ያልቃል። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፣ ሰውየው ግን በቲሸርት ወጥቶ ልጁን ይዞ ሜዳ ላይ ቀረ። የጎደለው ሰዓቱ ነው።

ለምን ሰዓቱ ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ ለሚል ሰው፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከሞቃቱ ስር እንደ ሽብልቅ ይገባና ወደ ላይ ያነሳዋል፣ አነሳሱም ፈጣን ስለሆነ ነጎድጓዱና ዝናቡ በጠባብ መስመር ላይ ይሰበሰባል። በሰመር መጀመሪያ ይሄ ይብሳል፣ ምክንያቱም ፀሐይዋ ሙሉ ጉልበቷ ላይ ናት፣ አየሩ እርጥበት ይዟል፣ ከፍታ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ የንፋስ ጅረት፣ ጄት ስትሪም የሚባለው፣ ደግሞ ገና ወደ ዋልታው አልራቀም፣ እነዚህ ሶስቱ ሲገናኙ ነው ትልልቅ በረዶና ዛፍ የሚጥል ንፋስ የሚመጣው። ሲቃረብ ያየው ያውቀዋል፤ የደመናው ግርጌ ዝቅ ብሎ ይጠቁራል፣ ቅጠል የማይንቀሳቀስበት ትንሽ ጊዜ አለ፣ ከዛ አቧራው ይነሳል፣ ንፋሱ ከሌላ በኩል ነው፣ ቆዳ ላይ ይቀዘቅዛል ዝናቡ ግን ገና አልደረሰም። ያ ቀዝቃዛ ንፋስ ከነጎድጓዱ ደመና ስር ወጥቶ የቀደመ አየር ነው፣ ያኔ ቤት ያልገባ ሰው ጊዜው አልቆበታል ማለት ይቻላል።

ሌላው ነገር ለመላው አካባቢ አንድ ትንበያ መስጠታችሁ ነው። ፍሮንት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 300 ኪሎ ሜትር ለማቋረጥ 7 ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። በአንዱ ጫፍ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መሬቱ ሳይሞቅ ያልፋል፣ ትንሽ ካፊያና ንፋስ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ በሌላው ጫፍ ግን ከሰዓት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለ አየር ያገኛል፣ እዛ ነው የሚያገሳው። አንድ ፍሮንት፣ ሁለት የተለያዩ ቀኖች። "ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ሊኖር ይችላል" የሚለው አረፍተ ነገር ለሁለቱም ጫፍ እኩል ሲደርስ አንደኛው በከንቱ ይሰጋል፣ ሌላኛው ደግሞ የጎረቤቱን ቀላል ዝናብ ሰምቶ ይዘናጋል።

ይሄ አዲስ ጥያቄ አይደለም። የፍሮንትን ነገር መጀመሪያ በደንብ ያስረዱት ኖርዌይ በርገን ውስጥ የነበሩት የአየር ሁኔታ ተመራማሪዎች ቪልሄልም ቢየርክነስና ልጁ ያኮብ ናቸው፣ የያኮብ ጽሁፍ የወጣው በፈረንጆቹ 1919 ነው፣ እዛ የደረሱት ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የውጭ መረጃ ሲቋረጥባቸው በ1918 ምዕራብ ኖርዌይ ላይ የመመልከቻ ጣቢያዎችን አብዝተው ለገበሬው ትንበያ ለመስጠት ሲሉ ነው። ማለትም እውቀቱ ራሱ የተወለደው ለዝርዝር ብሎ ነው።

ካለፈ በኋላ ስላለው ሌሊትም አንድ ነገር ጻፉ። ፍሮንቱ ካለፈ ሰማዩ ይጠራል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ንፋሱ ማታ ከረጋ መሬቱ ሙቀቱን በፍጥነት ይለቃል፣ ቆላማ ጉድጓዳ ቦታ ላይ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ወርዶ ይተኛል፣ ገና የተተከለ ችግኝ ያለው ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ነጎድጓድንም በተመለከተ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳ መመለስ አደገኛ መሆኑን በየጊዜው ብትደግሙት አይሰለችም።

የምጠይቀው ይሄን ያህል ነው፦ "ፍሮንቱ ሰሜን ምዕራቡን ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ መሐሉን 8 ሰዓት፣ ደቡብ ምስራቁን 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያልፋል፣ አንድ ሁለት ሰዓት ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል፣ ካለፈ በኋላ ሙቀቱ በዚህን ያህል ይወርዳል" የሚል ሁለት መስመር። ካርታውንም ሰማያዊ መስመሩና ትናንሽ ሶስት ማዕዘኖቹ እንዳሉበት አትሙት፣ ማዕዘኖቹ የሚያመለክቱት ፍሮንቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ስለሆነ ማንም ያነበዋል። ቦታ ጠበበን ካላችሁ የ7 ቀኑን ሰንጠረዥ 5 አድርጉት፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለቱ ቀኖች ድሮም እርግጠኛነታቸው አነስተኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ