ምናባዊ አገር ሲነደፍ ባንዲራው መጨረሻ ይምጣ

ይድረስ ለጋዜጣው የአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ አንዳንድ መምህራን ተማሪዎቻቸው በቡድን ሆነው በምድር ላይ የሌለ አገር ከነካርታው እንዲነድፉ ያዛሉ። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ኮፒ ቤት ነው። ወላጅ ይከፍላል፤ ባንዲራ፣ የገንዘብ ኖትና ከኢንተርኔት የወረደ የተራራ ፎቶ በትልቅ ባለቀለም ወረቀት ይታተማል፤ ካርታው ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ይደርሰዋል፤ ማርኩም ለውበቱ ይሰጣል። እንዲህ ከተሠራ ጂኦግራፊ የለበትም። በሥርዓት ከተሠራ ደግሞ ተማሪው ለዓመታት በተለያየ ምዕራፍ የተማረውን በአንድ ወረቀት ላይ አገናኝቶ የሚያይበት ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ የለም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሥራውን ለሚሰጡ መምህራንና ልጆቻቸውን ለሚረዱ ወላጆች አሠራሩን በዝርዝር እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። አገሩ ከምድሩ ተነሥቶ ወደ ሰው መምጣት አለበት፤ መጀመሪያ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት በዲግሪ)፣ ከዚያ ከፍታ፣ ነፋስና ዝናብ፣ ወንዝ፣ እህል፣ ሰው፣ ከተማ፣ መንገድ፣ ድንበር። ባንዲራው ከሁሉም በኋላ ይምጣ። ከዋና ከተማው የጀመረ ቡድን ከተማውን ወረቀቱ መሐል ላይ ያስቀምጥና ወንዙንም ተራራውንም ለከተማው እንዲመች አድርጎ ይስላል። ያኔ “ለምን እዚህ ሆነ?” ተብሎ ሲጠየቅ መልስ አይኖረውም።

ለአንድ ቡድን አራት ወይም አምስት ተማሪ ይበቃል። የሚያስፈልገው ኤ3 ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ ስድስት ባለቀለም እርሳስና ክር ነው። ወረቀቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ካሬ ይሰመር። እስኬሉ 1:1,000,000 ከሆነ 1 ሴንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር፣ አንዱ ካሬ ደግሞ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለአገሩ 60,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥሩ ስፋት ነው፤ 600 ካሬ ይወስዳል፣ የወረቀቱን ግማሽ ያህል ማለት ነው። የቀረው ለጎረቤት አገሮችና ለምልክቶች መፍቻ ይተው። ለንጽጽር የሩዋንዳ ስፋት 26,000፣ የኤርትራ 117,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ የሚረጋገጠው ካሬ በመቁጠር ነው፤ ከግማሹ በላይ በአገሩ ውስጥ ያለ ካሬ እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ከግማሽ ያነሰው ይተዋል።

እስኬል ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው እስኬሉን በቁጥር ብቻ መጻፍ ነው። ካርታው ኮፒ ማሽን ላይ ከኤ3 ወደ ኤ4 ሲቀነስ ቁጥሩ እንዳለ ይቀራል፣ እውነተኛው እስኬል ግን 1:1,414,000 ገደማ ሆኗል። በመስመር የተሳለ እስኬል ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያንስ አይሳሳትም፤ ሁለቱም ይሳሉ። ሁለተኛው ስህተት በኬክሮስ ይመጣል። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በዚህ ካርታ ላይ 11.1 ሴንቲ ሜትር ይይዛል። ከሰሜን እስከ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር የሆነ አገር ሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ብዙ ቡድኖች ግን በወረቀቱ ዳርና ዳር 10 እና 30 ዲግሪ ብለው ይጽፋሉ፤ ይህ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በዚያ እስኬል ወረቀቱ ከሁለት ሜትር በላይ መርዘም ነበረበት።

ቀጥሎ የመሬቱ አቀማመጥ ይምጣ። የከፍታ መስመሮች፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙ መስመሮች፣ በየ500 ሜትሩ ይሳሉ። መስመሮቹ አይቋረጡም፤ ካርታው ውስጥ ካልተዘጉም ወረቀቱ ጠርዝ ላይ መድረስ አለባቸው። ሁለት መስመሮች በ1 ሚሊ ሜትር ከተጠጋጉ መሬቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 500 ሜትር ወጥቷል ማለት ነው፤ ገደል ነው፣ መንገድም እርሻም በቀላሉ አይታሰብበትም። ከዚያ ሙቀቱ ይሰላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 28 ዲግሪ ከሆነ 2,000 ሜትር ላይ 15 ዲግሪ ይደርሳል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ ቀዝቀዝ የምትለው፣ ከእርሷ ይልቅ ከምድር ወገብ የራቀችው የጂቡቲ ከተማ የምትግለው በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪው ቆላውን፣ ወይና ደጋውንና ደጋውን ቀለም የሚቀባው ከዚህ ስሌት በኋላ ይሁን፤ 1,500 ሜትርና 2,300 ሜትር የተለመዱት ወሰኖች ናቸው።

ነፋሱን ቡድኑ ራሱ ይመርጣል፣ ግን አንዴ ከመረጠ መለወጥ አይፈቀድለትም። እርጥብ ነፋስ የሚመጣበት አቅጣጫ ወረቀቱ ዳር ላይ በቀስት ይታይ። ተራራው በነፋሱ በኩል ዝናቡን ያወርዳል፣ ከጀርባው ያለው ይደርቃል። በእኛ አገር በክረምት የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ከፍታ ብዙ ዝናብ ይዞ የአፋር ዝቅተኛ ቦታ በአብዛኛው በዓመት ከ300 ሚሊ ሜትር በታች የሚያገኘው በዋናነት በዚህ አሠራር ነው። ደን ባለበት ካሬ አጠገብ ያለ ምክንያት በረሃ የሚያስቀምጥ ቡድን እዚህ ላይ ይያዛል።

ወንዝ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የበለጠ የሚበላሸው እርሱ ነውና። ወንዝ ከባሕር ተነሥቶ ሌላ ባሕር ውስጥ አይገባም። ሲወርድ ገባሮች ይቀላቀሉታል እንጂ እርሱ አይከፋፈልም፤ የሚከፋፈለው ደለሉን በሚጥልበት ዴልታ ላይ ነው። የከፍታ መስመሩን ሲያቋርጥ መስመሩ ወደ ወንዙ መነሻ አቅጣጫ ይሾላል፤ ሹሉ ወደ ታች ከዞረ የተሳለው ሸለቆ ሳይሆን የተራራ ትከሻ ነው። ስህተቱን ለመቀነስ ከወንዞቹ በፊት የተፋሰሶቹን (ዝናባቸው ወደ አንድ ወንዝ የሚሰበሰብ መሬቶችን) ወሰን በነጠብጣብ መስመር በየተራራው ጫፍ ማስመር ይጠቅማል፤ ምንም ወንዝ ያንን መስመር አይሻገርም። ሐይቅ ብዙ ገባር ቢኖረውም የተፈጥሮ መውጫው በአብዛኛው አንድ ነው፤ ወደ ጣና ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይገባሉ፣ ከእርሱ የሚወጣው ወንዝ ግን ዓባይ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ደግሞ ጨዋማ እየሆነ ይሄዳል። ዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢያታ ስለሚፈስ ውሃው ጨው አልሆነም፤ መውጫ የሌለው አቢያታ ግን ጨዋማ ነው። ወንዝ ሁሉ ባሕር መድረስ እንደሌለበት አዋሽ ምስክር ነው፤ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል።

ለከፍተኛ ክፍሎች ውሃው በቁጥር ይለካ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ተፋሰሱ 100 ካሬ፣ ማለትም 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆንና 1,000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። አብዛኛው ይተናል፣ ከፊሉም ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ወንዝ የሚደርሰው 20 በመቶ ነው ብንል 2 ቢሊዮን ይቀራል። ለዓመቱ ሰከንዶች፣ ለ31.5 ሚሊዮን፣ ሲካፈል በሰከንድ 63 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣል። ይህ ውሃ ከ200 ሜትር ከፍታ ወርዶ ተርባይን ቢመታ፣ 9.8 (የምድር ስበት) በ63 በ200 ተባዝቶ በኪሎ ዋት ይወጣል፤ ለብክነት 15 በመቶ ተቀንሶ 105 ሜጋ ዋት ያህል ይሰጣል። “አገራችን 10,000 ሜጋ ዋት ታመነጫለች” ብሎ የጻፈ ቡድን ውሃውን ከየት እንዳመጣው በዚህ ስሌት ያሳይ።

የሕዝቡም ቁጥር ከምድሩ መውጣት አለበት። 6 ሚሊዮን ሰው በ60,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲኖር በአማካይ በካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሰው ይሆናል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ብንመድብ በዓመት 1.8 ኩንታል፣ ለሁሉም 10.8 ሚሊዮን ኩንታል ያስፈልጋል። በሄክታር 20 ኩንታል ቢገኝ 540,000 ሄክታር ማለትም 54 ካሬ እርሻ ይፈልጋል። ለዘር፣ ለብልሽትና ለሚያርፍ መሬት ሲጨመር ወደ 80 ካሬ ይጠጋል። ቡድኑ ዝናብና ለም አፈር ያለባቸውን 80 ካሬዎች በጣቱ እየጠቆመ ማሳየት አለበት፤ ካላገኘ ሕዝቡን ይቀንስ ወይም ምን ሸጦ እህል እንደሚያስገባ ይጻፍ። ከዚያ ሰዉ በነጥብ ይሰፍራል፤ አንድ ነጥብ 50,000 ሰው ከሆነ 120 ነጥብ ነው። ነጥቦቹ እኩል ተራርቀው ከተበተኑ ካርታው ያልታሰበበት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ከተማ የሚቆምበት ምክንያት ያስፈልገዋል፤ የወንዝ መሻገሪያ፣ ወደብ፣ የሁለት መንገድ መገናኛ፣ ወይም ደገኛና ቆለኛ ምርቱን የሚለዋወጥበት የተራራ ግርጌ። የባቲን የሰኞ ገበያ ያሳደገው ደጋውና የአፋር ሜዳ የሚገናኙበት በር ላይ መሆኗ ነው። ለባቡር ሐዲድ ኮምፓስ በቂ ነው። የጭነት ባቡር በመቶ ሜትር ከ2 ሜትር በላይ መውጣት ስለሚከብደው 500 ሜትር ለመውጣት ቢያንስ 25 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ኮምፓሱ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ይከፈትና ከአንዱ የከፍታ መስመር ወደ ቀጣዩ ይራመድ፤ መስመሮቹ ከዚያ ከተቀራረቡ ሐዲዱ አግድም ይዞር። ለመኪና መንገድ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል።

ማዕድን ላይ መምህሩ ጥብቅ ይሁን። ወርቅ፣ ነዳጅና አልማዝ በአንድ አገር መደርደር የተለመደ ነው። ከሁለት ማዕድን በላይ አይፈቀድ፤ ለእያንዳንዱም አለቱ ይጠቀስ። እንደ ለገደንቢ ያለ ወርቅ በጥንታዊ አለት ውስጥ ነው፣ እንደ ኦጋዴን ያለ ጋዝ ወፍራም የደለል አለት ይፈልጋል፣ የዳሎል ፖታሽ የደረቀ ባሕር ትቶት የሄደ ነው፣ የአሉቶ ላንጋኖ እንፋሎት ከስምጥ ሸለቆው ይመጣል።

ደሴት ይከልከል። ቡድኖች ደሴት የሚመርጡት ጎረቤት ስለሌለው ነው፤ ከጎረቤት ጋር ደግሞ ድንበር፣ ወደብና የጋራ ወንዝ አብረው ይጠፋሉ። በእኔ እምነት የሥራው ትልቁ ጥቅም ያለው እዚያ ነው። ልጆቻችን ስለ ድንበርና ስለ ውሃ ክፍፍል ሲነጋገሩ የእውነት ቦታና የእውነት ሕዝብ ከተጠራ ክርክሩ ቶሎ ወደ ቁጣ ይሄዳል። ምናባዊው አገር በምክንያትና በቁጥር እንዲከራከሩ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ የሕዝቦችም የቦታዎችም ስም ከእውነተኛ ሕዝብ ስም አይወሰድ።

ማርኩ ከ50 ቢሆን፣ 15 ለካርታው፣ 20 ለምክንያት ወረቀቱ፣ 10 ለቃል ጥያቄ፣ 5 ለባንዲራውና ለአቀራረቡ ይሁን። የምክንያት ወረቀቱ 12 ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ በካርታው ላይ ያለ አንድ ነገር ለምን እዚያ እንደሆነ ይናገራል። በቃል ጥያቄው መምህሩ አንድ ነገር ይለውጣል፤ “ነፋሱ ከምሥራቅ ይምጣ” ይላል፣ በዕጣ የተመረጠ ተማሪም ምን ምን እንደሚለወጥ ይናገራል። ከስልክ የቀዳ ወይም ጓደኞቹ የሠሩለት ተማሪ እዚህ ጋ ይቆማል፤ ነገሩ የገባው ደግሞ ደረቁ ወገን እንደሚለመልም፣ እርሻውና ነጥቦቹ ወደዚያ እንደሚሄዱ ይቆጥራል።

ጊዜ የተረፈው መምህር የሁለት ቡድኖችን ካርታ ጠርዝ ለጠርዝ ያጋጥም። ይህ እንዲሠራ ሁለቱ ቡድኖች ገና ሲጀምሩ ሦስት ነገር ይስማሙ፤ አንድ ዓይነት እስኬል፣ አንድ ዓይነት የነፋስ አቅጣጫ፣ እንዲሁም የጋራው ወንዝ ከጠርዙ ጥግ በስንት ሴንቲ ሜትርና በስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሻገር። የላይኛው አገር ግድብ ሲሠራ የታችኛው በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚደርሰው፣ በተለይ በበጋ ወራት፣ በአንድ ገጽ ስምምነት ጽፈው ሁለቱም ቡድኖች ይፈርሙበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጂኦግራፊ መምህር፣ አዲስ አበባ