ምገባው ክረምት ላይ ለምን ይቋረጣል?

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምጽፈው ልጆች የተቸገሩ እኩዮቻቸውን ለመመገብ ስለሚያደርጉት የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። ነዋሪነቴ ከከተማው ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው።

በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ቁርስና ምሳ ያገኛል። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ግን ድስቱም ይወርዳል። እስከ መስከረም ያለው ጊዜ በቀን ሥራ ለሚያድር ቤተሰብ ረጅም ነው። ዝናቡ የግንባታውን ሥራ ስለሚያቀዘቅዘው ገቢው የሚሳሳውም ያኔ ነው።

ልጆች የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ከማያውቁት አዋቂ እጅ የተቀበሉት ምሳ እርጥባን ይመስላል። የክፍል ጓደኛ አቅርቦ አብሮ ሲቆርስ ግን ማዕድ ይሆናል። ፎቶ ማንሳቱ ግን ይቅር። ሳህን የያዘው ልጅ ፌስቡክ ላይ ከወጣ፣ መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ መሳቂያ የሚሆነው እሱ ነው። ይህን ልማድ ደግሞ ያመጣነው እኛ አዋቂዎቹ ነን።

እድሮቻችን ድስት፣ ሳህንና ድንኳን አላቸው። ለቅሶ ከሌለ ዕቃው ተቆልፎበት ይከርማል። በሐምሌና በነሐሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ቢያውሱትስ? እሳቱን ወላጆች ይያዙ። ልጆቹ እጅ ያስታጥቡ፣ ያቅርቡ፣ አብረው ይብሉ። ሽሮ ከሆነ ለፍልሰታም ይስማማል። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና የእድር ዳኞች ሰኔ ሳያልቅ ተቀምጠው ይነጋገሩበት።

አንድ ወላጅ፣ ከቱሉ ዲምቱ