ጉዳዩ፦ በትክክል ሳይሠራ የተመለሰልኝን የሞተር ኮሎ (ክራንክ ሻፍት፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ይመለከታል

ለድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ቅሬታ መጀመሪያ ያቀረብኩት በቃል ነበር። የተሰጠኝ መልስ "ቤት ውስጥ ለሚገጣጠም ሞተር ኃላፊነት አንወስድም" የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን በጽሑፍ አመጣሁት። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ሞተሩ ገና አልተነሣም። ኮሎው ለልኬት ብሎኩ ላይ ተቀምጦ ወረደ እንጂ አልሠራበትም።

ቤቴ ያለችውን አሮጌ መኪና ጊዜ ሳገኝ በራሴ እጅ እያደስኩ ነው። ሞተሩን ፈትቼ አጥቤዋለሁ። ፋሻውንም (የፒስተን ቀለበቱን)፣ ጓርኒሲዮኑንም (ማሸጊያውን) እኔው እቀይራለሁ። ኮሎ ሬክቲፋይ ማድረግ (የሚዞርባቸውን ክብ አንገቶች በማሽን ድንጋይ ሞርዶ ማስተካከል) ግን በቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም። ትልቅ ማሽን ይፈልጋል፣ የለመደ እጅም ይፈልጋል። ለዚህ ነው እናንተ ዘንድ የመጣሁት። የኮሎው አንገቶች በሙሉ 0.25 ሚሊሜትር እንዲቀነሱና ልካቸው የሆነ ብሮንዚና (አንገቱን አቅፎ የሚይዝ ለስላሳ የብረት ሽፋን) እንዲሰጠኝ ተስማማን፤ ሂሳቡንም ከፈልኩ።

ኮሎው ሲመለስ የልኬት ወረቀት አብሮት መጣ። ወረቀቱ ላይ አራቱም የቢዬላ (ፒስተንን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) አንገቶች እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ድረስ አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፎላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬ የገባኝ ያኔ ነው። በትክክል የተለካ ብረት ትንሽም ብትሆን ልዩነት አያጣም።

ብሮንዚናውን አስገብቼ ክፍተቱን በፕላስቲጌጅ (ሲጨፈለቅ ስፋቱ ክፍተቱን የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ክር) ለካሁት። እንደ ደንቡ አንገቱን አደረቅኩ፣ ክሯን በቁመቱ አስተኛሁ፣ ቡሎኖቹን አምራቹ ባዘዘው ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) አጠበቅኩ፣ ኮሎውን ሳላዞር መልሼ ፈታሁ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው 0.04 አካባቢ ወጡ። እነሱ ላይ በልኬት በኩል ቅሬታ የለኝም። ሦስተኛው ግን በአንድ ጫፉ 0.05፣ በሌላው ጫፉ 0.11 ሆነ። አረንጓዴው ፕላስቲጌጅ እስከዚያ ስለማይለካ በቀዩ ደገምኩት፤ ያው ነው። የአምራቹ መመሪያ ለዚህ ሞተር የሚፈቅደው ከ0.02 እስከ 0.06 ነው። በማይክሮሜትርም አየሁት፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል የ0.06 ልዩነት አለ። ማለትም አንገቱ ሾጧል፤ አንዱ ጫፉ ከሌላው ቀጥኗል። እንዲህ ሆኖ ቢገጠም ዘይቱ በሰፊው ጫፍ ያመልጣል፣ ጭነቱ ጠባቡ ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ብሮንዚናውም ብዙ ሳይቆይ ይበላል።

ከልኬቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ጥጉ ነው። የኮሎ አንገት ከጎኑ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ክብ ብሎ መታጠፍ አለበት። ሦስተኛው ላይ ያ ክብነት ጠፍቶ ጥጉ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሏል። ኮሎ በተደጋጋሚ ጭነት ደክሞ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ጥግ መሆኑን ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። በሥራ ላይ እያለ ከተሰበረ ደግሞ ብሎኩንም ይዞት ይሄዳል።

ይህም ሳይበቃ በዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀጭን ብሩሽ በነጭ ጋዝ ነክሬ ብሰድ ግራጫ ደቃቅ ነገር ይዞ ወጣ። የድንጋዩ ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ ለስላሳው ብሮንዚና ላይ ተተክሎ ገና የተሠራውን አንገት መፈግፈግ ይጀምራል። ማጠብ እንኳን እንዴት ይረሳል?

ይህን ሁሉ ይዤ ስመጣ የተቀበሉኝ ሠራተኛ "የቤት ማይክሮሜትር አይታመንም" አሉኝ። እሺ፣ እንግዲያው በራሳችሁ መሣሪያ እፊቴ ለኩት አልኳቸው። እምቢ አሉ። ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ይኼ ነው። ሰው ይሳሳታል፤ ማሽንም ልኬት ይስታል። የሠራችሁትን መልሳችሁ ለመለካት እምቢ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሚሊሜትር የቤትና የጋራዥ ተብሎ አይከፈልም። "ቤት ውስጥ ለሚገጣጠም አንሠራም" የሚል ደንብ ካላችሁም ገንዘቤን ከመቀበላችሁ በፊት ልትነግሩኝ ይገባ ነበር። ደረሰኛችሁ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም፤ ጀርባውን ሁሉ ገልብጬ አይቻለሁ።

የምጠይቀው ኮሎው እኔ ባለሁበት እንደገና እንዲለካና ቁጥሩ እንደወጣ እንዲጻፍ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስንጥቅ እንዳለውና እንደሌለው በማግኔት ይመርመር። ጤነኛ ከሆነ አራቱም የቢዬላ አንገቶች ወደ 0.50 ይውረዱ፤ ብሮንዚናው የሚሸጠው በሙሉ ስብስብ ስለሆነ ሦስተኛውን ብቻ መቀነስ አይጠቅመኝም። ጥጎቹ ክብነታቸውን ይዘው ይሠሩ፣ ቀዳዳዎቹ ይታጠቡ፣ አዲሱ ብሮንዚናም በእናንተ ወጪ ይሁን። ስንጥቅ ከተገኘበት ወይም እንዲህ አድርጎ መሥራት ካልተቻለ ሌላ ደህና ኮሎ ስጡኝ፤ ያም ካልሆነ የሥራውንና የብሮንዚናውን ገንዘብ መልሱልኝ።

መልሳችሁን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ካልመጣ ኮሎውን ሌላ ቦታ አስለክቼ ውጤቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለሸማቾች መብት ለሚሠራው አካል አቀርባለሁ። እስከዚያው ኮሎው ዘይት ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በምትሉኝ ቀን ይዤው እመጣለሁ።

የሦስተኛውን አንገት ፎቶዎች፣ የፕላስቲጌጁን ውጤትና የልኬት ወረቀታችሁን ቅጂ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ደንበኛችሁ