«መልሱን ላኩልኝ» ለሚሉ ተማሪዎች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ስለ ኩረጃም ስለ መምህር እጥረትም ብዙ ተጽፏል። ተማሪው ማታ ማታ በቴሌግራም የሒሳብና የሳይንስ ጥያቄ ይዞ ስለሚዞርበት አካሄድ ግን እምብዛም አልተባለም። አብዛኛው የጥያቄውን ፎቶ ይለጥፍና «መልሱን ላኩልኝ» ይላል። አንዱ «ሲ» ይለዋል፣ ሌላው «ቢ»። ጠያቂውም ብዙ ሰው ያለውን ይዞ ይተኛል።

አንድ ጥያቄ እንይ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ፍጥነቷ በእኩል መጠን እየቀነሰ በ5 ሰከንድ ብትቆም፣ እስክትቆም ስንት ሜትር ትሄዳለች? አማካይ ፍጥነቷ የመነሻው ግማሽ ስለሆነ ተማሪው 36ን በ5 ያባዛና 180 ይላል። ከምርጫዎቹም ውስጥ 180 አይጠፋም፤ ፈተና አውጪ የተለመደውን ስህተት አውቆ ነው የሚያስገባው። 72 መጀመሪያ ለ3.6 ተካፍሎ በሰከንድ 20 ሜትር መሆን ነበረበት፤ ያኔ ርቀቱ 50 ሜትር ይመጣል። ይህን ልጅ «50 ነው» ብንለው ቀመሩን የሳተ ይመስለውና ሌላ ቀመር ፍለጋ ይሄዳል። ቀመሩ ግን ትክክል ነበር። የሠራበትን ወረቀት አብሮ ቢልክ፣ የሚረዳው ሰው ገና ሲያየው «ዩኒቱን አልቀየርክም» ይለው ነበር።

እንግዲህ መላክ ያለበት ጥያቄው ከነምርጫው፣ እስከተቸገረበት መስመር ድረስ የሠራው፣ ከዚያም «ከሦስተኛው መስመር ወደ አራተኛው እንዴት ተኬደ?» የሚል ቁርጥ ያለ ጥያቄ ነው። ፎቶው የስልኩ ጥላ ሳያርፍበት በመስኮት ብርሃን ይነሳ። ቴሌግራም ፎቶን ስለሚያሳንስ ደቃቅ ፓወር ያለበትን ገጽ በፋይል መልክ መላክ ይሻላል። በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ቅንፍ አይረሳ፦ 1/2+3 ብሎ የጻፈ ልጅ በልቡ 1/(2+3) ከሆነ፣ እሱ 0.2 ሲጠብቅ የሚመጣለት 3.5 ነው። በዚህ ብቻ ስንት ክርክር ይነሳል!

የመጣው መልስም ይፈተሽ፤ የመለሰው ሰውም ይሁን ቻትጂፒቲ፣ ሁለቱም በሙሉ ልብ ይሳሳታሉ። 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ስንት ግራም ውሃ ይሰጣል ሲባል 36 የሚል መልስ ቢመጣ፣ ኬሚስትሪ ሳንገባ እንኳ 20 ግራም ገብቶ 36 ከየት ይወጣል? ስህተቱ ቶሎ የሚያልቀውን ኦክስጅን ትቶ በሃይድሮጅን ማስላት ነው። 16 ግራም ኦክስጅን ግማሽ ሞል (በኬሚስትሪ የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ) ነው፤ የሚሰጠው ውሃ 18 ግራም ሲሆን 2 ግራም ሃይድሮጅን ይተርፋል። 18 እና 2፣ 20። ሒሳብ ላይም መልሱን ወደ ጥያቄው መልሶ ማስገባት ነው፤ በተለይ ስኩዌር ሩት ያለበት ጥያቄ ሁለቱን ወገን ስኩዌር ሲያደርጉት ያልነበረ መልስ ሊጨምር ይችላል።

ጋዜጣችሁ የፈተና ጥያቄ በሚያትምበት ጊዜ ከመልሱ ፊደል ጎን የተሳሳቱት ምርጫዎች ከየት እንደመጡ አንድ አንድ መስመር ቢጨምርበት እንላለን። ሁለት ጥያቄ ቀንሶ ቦታ ማግኘት ይቻላል።

ተማሪውም መልሱን ካገኘ በኋላ ስልኩን ዘግቶ በማግስቱ 72ን በ54 ቀይሮ ባዶ ወረቀት ላይ ይሥራው። 37.5 ሜትር ካልመጣለት ወረቀቱን አንስቶ እንደገና ይጠይቅ።

ከሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህራን
ባሕር ዳር