ለመከላከል ሕክምና ሐኪሞች ትምህርት ቤቱ ወረዳው ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የምጽፈው ስለ መከላከል ሕክምና ሐኪሞች (በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዳይስፋፋ አስቀድመው ለመግታት ስለሚሠሩት) የስፔሻሊቲና ተከታታይ ሥልጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በጎንደር አቅራቢያ ያለውን ደምቢያን የመታው ወባ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ገጠር ጤና ጣቢያ አውርዶ ያለማምድ ነበር። ትክክለኛው መንገድ ያ ነው። ወባ ዛሬም አልቀነሰም፤ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓመቱ ሳያልቅ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ወረርሽኝ አስቀድሞ የሚታየው በወረዳው ሳምንታዊ ሪፖርት ላይ ቁጥሩ ከተለመደው መስመር ሲያልፍ ነው፤ ያንን ማንበብ ደግሞ የሆስፒታል አልጋ በመዞር አይለመድም። ፈቃድ ለማሳደስ የሚጠየቀው ሥልጠናም በአዳራሽ ገለጻ ካበቃ ትርፉ የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ጤና ሚኒስቴር ሰልጣኙ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን የወባ ወቅት በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እንዲሠራ፣ ነባሩ ሐኪምም የመራው የወረርሽኝ ምርመራ በሥልጠና ነጥብነት እንዲያዝለት በመመሪያ እንዲደነግግ እጠይቃለሁ።