ከጣርማ በሩ ቀይ ምንጭ

ውድ ሙሉዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ስድስት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብሽ። እናትሽ ያረፉ ጊዜ መምጣት ነበረብኝ፤ አልመጣሁም። ከዚያ በኋላ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር እፍረት ያዘኝ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ ከጣርማ በር በታች ያለው ቀይ ምንጭ ነው። ትዝ ይልሻል? ውሃው ላይ የሚያብለጨልጨውን አይተሽ «ነዳጅ ተገኘ!» ብለሽ ሰፈሩን አስነሳሽው። ቅዳሜ ወርጄ በጭራሮ ነካሁት። እንደ ስስ በረዶ ተሰነጣጠቀ፤ ስብርባሪው እንደተለያየ ቀረ። ነዳጅ ቢሆን ተመልሶ ይገጥም ነበር። የብረት ሽፋን ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ከሥሩ ያለው ጭቃ ነው። ድልህ ይመስላል፤ በጣት ሲያሹት ያሙለጨልጫል። ውሃው መሬት ውስጥ አየር ሳያገኝ የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ እያጠበ፣ ብረትና ሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ውህድ) አሟሙቶ ይመጣል። ብቅ ሲል አየር ያገኘዋል፤ ብረቱ ይዝጋል። ባክቴሪያም ያግዛል። ጋሊዮኔላ የሚባለው የተገመደ ክር የሚመስል ዝገት ይፈትላል።

ዝገቱ ተጣድፎ ስለሚዘቅጥ አተሞቹ በወጉ ለመሰለፍ ጊዜ አያገኙም። እንዲህ ያለውን ማዕድን ፌሪሃይድራይት ይሉታል። ቅንጣቱ ጥቂት ናኖሜትር፣ ማለትም የሚሊሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። አተሞቹ በወጉ የተሰለፉ ማዕድን በኤክስሬይ ሲመረመር ጥርት ያለ መስመር ይሰጣል፤ ይሄ ግን የለውም፤ አንዳንዱ ሁለት ደብዛዛ ጉብታ ብቻ ያሳያል። ከደቃቅነቱ የተነሳ የአንድ ግራሙ ገጽ ቢዘረጋ ከ200 ካሬ ሜትር ይበልጣል። ለዚህ ነው ከውሃ ውስጥ አርሴኒክን ሳይቀር ለቅሞ የሚይዘው።

ሲቆይ በወጉ ወደተሰለፉት የብረት ማዕድናት፣ ወደ ጎታይት ወይም ሄማታይት ይለወጣል። ሲሊካው ግን ገጹ ላይ ተለጥፎ ያዘገየዋል። ኒውዚላንድ፣ ቶንጋሪሮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ሲሊካው ከአሉሚኒየም ጋር ተጣምሮ የወንዙን ድንጋይ ነጭ ያለብሰዋል፤ አሎፌን ነው፣ እሱም በወጉ ያልተሰለፈ።

አሁን የመዘዞውን የኦፓል ቀለበትሽን አስቢ። ያም ሲሊካና ውሃ ነው። እዚያ ግን ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች እኩል እኩል ሆነው ተደርድረዋል። ብርሃኑን የሚበታትነው ድርድሩ ነው። ይሄ ከገባኝ ጀምሮ ከምንጩ ዳር መነሳት አቅቶኛል።

ጭቃውን በሃይላንድ ቀድቼ መስኮቴ ላይ አስቀምጬልሻለሁ። ለገና ትመጫለሽ አይደል? መጀመሪያ እናትሽ መቃብር አብረን እንሄዳለን። ከዚያ ወደ ምንጩ እንወርዳለን። ቀለበቱን አድርገሽው ነይ።

ያንቺው